ማሽላችንን የጨረሰው አቀንጭራ፦ መሬቱን ሳንተው እንዴት እንገላገለው?

ወለተ ራያ (መስከረም 19)

ጤና ይስጥልን። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። እናቴ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ሦስት ጥማድ መሬት አላት። አባታችን ካረፈ ወዲህ በእኩል የሚያርስላት ጎረቤት አለ። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ለመስቀል ወደ ቤት ወርጄ ማሳውን ዞሬ አየሁት። ከላይኛው ጥግ እስከ መሐል ያለው ማሽላ ከወገብ አላለፈም፤ ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ ጫፉ ነጥቷል። ዝናብ አጥሮት ነው እንዳልል አፈሩን ጫር አድርጌ ሳየው እርጥብ ነው። ከአገዳው ሥር ግን ሐምራዊ አበባ ያወጣ አረም ተኮልኩሏል፤ በአንድ አገዳ ዙሪያ ስድስት ሰባት ቆሟል። የታችኛው ማሳ፣ እናቴ የከብቶቹን ፍግ ስትጥልበት የኖረችው ደጃፉ ላይ ያለው፣ ይሄን ያህል አልተነካም።

እናቴ «አቀንጭራ ነው፤ መሬቱ ደክሟል ማለት ነው» አለችኝ። አራሹም ሲነቅል ከርሞ ታክቶታል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንዱ ኬሚካል ርጩበት ይላል፣ አንዱ ሁለት ዓመት ጤፍ ዝሩበት ይላል፣ ሌላው ማሳውን ከነአገዳው አቃጥሉት ይላል። አሁን አበባ ላይ እያለ ምን ይደረግ? ለመጪው ዓመትስ ምን እንዝራ? እናቴ ማሽላ ተዪ ብትባል የምትሰማ አይደለችም፤ እኔም አልፈርድባትም። እንጀራው እሱ ነው፣ የከብቱ መኖ እሱ ነው፣ የምድጃው ማገዶም እሱ ነው።


ሰብል ጥበቃ (መስከረም 19)

እህቴ፣ ጊዜ የማይሰጠውን አስቀድሜ ልመልስ። አበባ ያወጣው አቀንጭራ ዛሬ ነገ ሳይባል መነቀል አለበት። አበባው የሚፈካው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ አበባ እያያችሁ የታችኛው ፍሬ በስሎ ሊሆን ይችላል። ፍሬውን በጥፍራችሁ ክፈቱት። ውስጡ ነጣ ያለና እርጥብ ከሆነ ገና ነው፤ ጥቁር ቡናማ ዱቄት ከወጣ ግን ዘሩ ደርሷል። የደረሰውን ስትነቅሉ አታራግፉት። አጎንብሳችሁ በቀጥታ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ ከማሳው ውጪም አቃጥሉት። ነቅሎ በፈሩ መካከል መጣል በቂ አይደለም፤ አበባ ላይ የተነቀለ አቀንጭራ ወድቆም ዘሩን ሊያበስል ይችላል። ለከብትም አትስጡት፤ ዘሩ በከብት ሆድ አልፎ ከእበት ጋር ተመልሶ ወደ ማሳ ይገባል።

ይህ ሥራ የዘንድሮን ማሽላ እንደማያድን እናትሽም አራሹም አስቀድመው ይወቁት። ካላወቁ «ነቀልን፣ ምን ጠቀመን?» ብለው ይተዉታል። አቀንጭራ ከአፈር በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት አንድ ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከመሬት በታች ማሽላውን ሲመጥ ይከርማል። አረሙን በዓይናችሁ ስታዩት ዋናው ጉዳት ደርሷል። አሁን የምትነቅሉት ለመጪዎቹ ዓመታት ነው።

ኬሚካሉን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚመከረው 2,4-ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ነው። የወጣውን አቀንጭራ ይገድላል፤ ዘር እንዳይጥልም ያግዳል። ነገር ግን እሱም የሚደርሰው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ቅጠለ ሰፊ ተክልን የሚገድል ስለሆነ ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሾ ወይም ሽምብራ ከወሰደው ሌላ ጠብ ታመጣላችሁ። ለሦስት ጥማድ መሬት እጅ ይሻላል።

ማሳውን ከነአገዳው ማቃጠል የሚለውን ተዉት። እሳቱ ከላይ ያለውን መኖ ይበላል፣ አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር ግን አይደርስበትም።


የሥር ሰው (መስከረም 20)

ሥራዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ የጥገኛ ተክሎች ጉዳይ ለብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ስለሆነ የአረሙን ጠባይ ላስረዳ። ጠባዩን ያላወቀ ሰው በየዓመቱ ሲነቅል ይኖራል።

አንድ የአቀንጭራ ተክል ብዙ ጊዜ ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ ዘር እንደሚያፈራ ይጠቀሳል። እያንዳንዱ ዘር ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም፤ መዳፍ ላይ ብታደርጉት በላብ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አንድ በአንድ አይታይም። አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ይህን ያህል ቢቆይም በውስጡ የያዘው ስንቅ እጅግ ጥቂት ነው። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘ ይሞታል፤ የሚያወጣው ሥርም ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ዝም ብሎ አይበቅልም። አንድ ሁለት ሳምንት በእርጥበትና በሙቀት ይሰናዳል፤ ከዚያ አጠገቡ የሚመቸው ሥር መኖሩን የሚነግረው ምልክት ይጠብቃል።

ያ ምልክት የሚመጣው ከማሽላው ከራሱ ነው። ሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ቅመሞችን በጣም በጥቂቱ ወደ አፈር ይለቃል። ከእነዚህ የመጀመሪያው፣ ስትሪጎል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ታወቀ። ተክሉ የገዛ ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን እንደሚያመነጭ ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2005 መጣ። ማሽላውም ሆነ ሌሎች ብዙ ተክሎች በዚህ ቅመም የሚጠሩት አፈር ውስጥ የሚኖር ወዳጅ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ከሥር ጋር ተቆራኝቶ ከራቀ ቦታ ፎስፈረስ ያመጣለታል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። አቀንጭራ ይህን ጥሪ ሰምቶ ይነቃል።

አሁን የእናትሽን ቃል አስቢው። አፈሩ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲያጣ የተራበው ማሽላ ጥሪውን ያበዛል። ጥሪው ሲበዛ ብዙ አቀንጭራ ይነቃል። ፍግ የለመደው የታችኛው ማሳ የተረፈበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ደግሞ የጠገበ ተክል ጥቂት ጥገኛ ቢይዘውም የመቋቋም አቅም ስላለው ነው። እናትሽ በዓይኗ ያየችው ትክክል ነው።

አንዴ ሥሩን ካገኘ በኋላ አቀንጭራው ሃውስቶሪየም በሚባል መምጠጫ የማሽላውን ሥር ሰንጥቆ ውሃና ማዕድን ከሚያልፍበት መስመር ጋር ይገጥማል። አረንጓዴ ቅጠል ስላለው ራሱን የቻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃውን ሙሉ በሙሉ፣ ምግቡንም በከፊል ከማሽላው ነው የሚወስደው። ቅጠሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እንደ ሌላ ተክል አይዘጋም፤ ከማሽላው በበለጠ ውሃ ስለሚያተን መሳቡን አያቋርጥም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ማሽላው የተጠማው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የማሽላውን እድገት የሚያዛባ ሌላ ጉዳትም ያደርሳል። የወሰደውን ውሃና ምግብ ብቻ ቢቆጥሩት ጉዳቱ ያንን ያህል መሆን አልነበረበትም።


ወለተ ራያ (መስከረም 20)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ለአራሹ ደውዬ የታችኛውን ፍሬ እንዲከፍት ነገርኩት። ከላይኛው ጥግ ያለው ዱቄት ሆኗል፤ ከመሐል ያለው ግን ገና እርጥብ ነው አለኝ። ነገ በወንፈል ሊነቅሉት ተስማምተዋል። ለከርሞ ስለሚዘራው ነገር ግን አሁንም እጠይቃለሁ። አቀንጭራ የማይነካው የማሽላ ዘር አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?


አባ ሞፈር (መስከረም 21)

ልጄ፣ እኔ ሐብሩ ነው የማርሰው። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ሲነቅሉ ከመካከል ያለውን ያስቀድሙ። ፍሬው እርጥብ የሆነውን ዛሬ ካልደረሱበት በሳምንቱ እሱም ዱቄት ይሆናል። አፈሩ ሲርስ ይነቀል፤ ደረቅ ላይ ሲሆን ከአንገቱ እየተበጠሰ ሥሩ ይቀርና መልሶ ያቆጠቁጣል።

አቀንጭራ አይነካውም የተባለውን ማሽላ ዘርቼዋለሁ። አቀንጭራ አልያዘውም፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን አጭር ነው። አገዳው ለከብት አይበቃም፣ ለቤት ክዳንና ለአጥር አይሆንም፣ ለማገዶም ያንሳል። ቶሎ ስለሚደርስ የአገሩ ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ሌላው ማሽላ ገና ሳይዝ የኛ ብቻ ቀልቶ ሲታይ ልጆቹ ከማማ ሳይወርዱ ይውላሉ። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአገራችን ማሽላዎች ግን ዝናቡ ከበልጉ ጀምሮ ከያዘልን አገዳውንም ፍሬውንም ይሰጣሉ። በደግ ዓመት አጭሩ አይደርስበትም።

ይህን የምለው ዘሩን ለማጣጣል አይደለም። ባለሙያዎቹ በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ብቻ ሲቆጥሩ እኛ አገዳውንም እንደምንቆጥር እንዲያውቁልን ነው። ለባልቴት ደግሞ አገዳ ማለት ክረምቱን የምታሳልፍበት ነው።


ሰብል ጥበቃ (መስከረም 21)

አባቴ የተናገሩት ነገር በምርምር መንደርም በተደጋጋሚ የሚነሳ ነው። ዘሮቹ ለምን በየማሳው እንዳልተስፋፉ ሲጠየቅ ከሚሰጡት መልሶች ዋናዎቹ እነዚሁ ናቸው፦ አገዳው ማጠሩና ወፉ።

እህቴ የጠየቀችው እውነት ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉ ሁለት ዝርያዎች በእኛ አቆጣጠር በ1992 አካባቢ ለአገራችን ገበሬ ተለቀቁ፤ ብርሃን የተባለው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። የዘሩ መነሻ በወሎንኮሚ ተወልደው፣ ከአለማያ ተመርቀው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ሲሰጣቸው ከተጠቀሱት ሥራዎች አንዱ አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላ ነበር። ሥራቸው ያማረው ጥያቄውን በመለወጣቸው ነው። «ማሽላው ምን ያህል አቀንጭራ ተሸከመ?» ብሎ ማሳ ላይ መቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ «አረሙ በየትኛው እርምጃ ላይ ሊሰናከል ይችላል?» ብለው እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ለዩ። የመጀመሪያው እርምጃ መንቃት ነው። የማይጠራ ወይም ጥሪው ደካማ የሆነ ማሽላ ፈልገው አገኙ።

ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የዚህ ጠባይ ምክንያት የሆነው ዘረመል ታወቀ። ይህ ዘረመል የማይሠራባቸው ማሽላዎች ስትሪጎላክቶን ማመንጨታቸውን አያቆሙም፤ ዓይነቱን ይለውጣሉ። አዲሱ ዓይነት አቀንጭራን በደንብ አያነቃም።

ሆኖም በዘር ብቻ መተማመን አይገባም። የእኛ አቀንጭራ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ በነፍሳት እየተዳቀለ የሚራባ ነው፤ ራሱን በራሱ አያዳቅልም። ስለዚህ በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚቋቋመውን ዝርያ በየዓመቱ እየደጋገምን ብንዘራ፣ ደካማውን ጥሪ መስማት የሚችሉት ጥቂቶቹ አቀንጭራዎች እየበዙ ይሄዳሉ። ስለዚህ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና በፈሩ መካከል ውሃ ማቆሩ አንድ ላይ ነው የሚሰጡት። አንዱን ነጥለው ሲይዙት ያሳዝናል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሦስት ጥማዱን በአንድ ዓይነት አትያዙት። የታችኛው፣ ፍግ የለመደው ማሳ፣ የእናትሽ ደጋሊት ይዘራበት፤ አገዳውም ከዚያ ይገኛል። የተጎዳው ላይኛው ጥማድ ለከርሞ ከማሽላ ይረፍ። ማሾ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ ይዘራበት። እነዚህ ሰብሎች የሚያመነጩት ቅመም አቀንጭራን ያነቃዋል፤ ነገር ግን ሥራቸው ላይ ሊጣበቅ አይችልም፣ ነቅቶ ይሞታል። መሬቱን ከእህል አሳርፎ ባዶ ማዋል ይህን አያደርግም፤ ዘሩ ሳይነቃ በጎተራ እንደተቀመጠ እህል ይጠብቃችኋል። ከአንዱ የማሾ ወይም የአኩሪ አተር ዝርያ ወደ ሌላው የማንቃት አቅሙ ይለያያል። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢያችሁ ቅርብ ስለሆነ የትኛው እንደሚሻል በወረዳው በኩል ጠይቁ። የመሐሉ ማሳ ላይ የሚቋቋመው ዝርያ ይሞከር።

ጤፍ ዝሩበት ያላችሁ ሰው የሚለው ከፊሉ ይገባኛል፤ ጤፍ እንደ ማሽላ አይጎዳም። ነገር ግን ጤፍም የሣር ወገን ነው፤ አቀንጭራ የተገኘባቸው የጤፍ ማሳዎች አሉ። አፈሩን ያጸዳል ብላችሁ አትተማመኑበት። በቆሎና ዳጉሳ ደግሞ ከነጭራሹ የአረሙ ቀለብ ናቸው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አያልቅም። የአንድ ዓመት ማሾ የዘሩን ክምችት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም።


የዋግ ልጅ (መስከረም 22)

በሰቆጣ ዙሪያ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ስለ አረሙ የተባለውን አልደግምም። እስካሁን ያልተነካ ነገር አለ፤ ለእኔ ከአረሙ ይበልጥ ከባድ የሆነብኝም እሱ ነው።

እህቴ፣ መሬቱ በእኩል የሚታረስ ነው ብለሻል። አራሹ ለዚህ ዓመት ምርት ግማሹን ያገኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ለእሱ እንደሚሰጥ ግን የሚያውቅ አይመስለኝም። ታዲያ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚታይ ጥቅም ዛሬ ጉልበቱንና ፍጉን ለምን ያፈስሳል? የራሱ መሬት ላይ ፍግ ቢጥል አልፈርድበትም። በየቀበሌው ስዞር ከሁሉ የከፋ አቀንጭራ ያየሁት በእኩል በሚታረሱ የባልቴቶችና የአቅመ ደካሞች ማሳዎች ላይ ነው፤ መሬታቸው ስለሚለይ አይደለም። ስምምነቱን ወደ አራት ዓመት አራዝሙት። ላይኛው ጥማድ ማሾ ሲዘራበት፣ ማሾው ለገበያ ስለሆነ አከፋፈሉ እንዴት እንደሚሆን፣ ፍጉ ከማን በረት እንደሚወጣ፣ አቀንጭራውን ማን መቼ እንደሚነቅል ተነጋግራችሁ በጽሑፍ አኑሩት። በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ዘንድም አስመዝግቡት። ይህ ሲሆን አራሹ እንደ ባለቤት ያስባል።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። የላይኛው ጥግ ከሁሉ ቀድሞ መጎዳቱን ሳነብ ከወዴት ጎርፍ ይገባዋል ብዬ አሰብኩ። በራያ ቆላ ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የቆየ ጥበብ ነው፤ ደለሉም በረከት ነው። ግን ጎርፉ ከላይ ካለው ማሳ የአቀንጭራ ዘር ይዞ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሰው ካልነቀለ የእናንተ መንቀል ግማሽ ነው። ወንፈሉ ከእናንተ ማሳ ሲጨርስ ወደ ላይኛው ጎረቤት ይውጣ፤ አርፎ ቢቀመጥ እንኳ ለራሳችሁ ስትሉ ንቀሉለት።

በማሽላው መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ስለመዝራትም ጠያቂ ሊመጣ ስለሚችል ልናገር። ኬንያ ውስጥ በምቢታ የተጀመረ ዘዴ ነው። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራውን ያነቃዋል፤ ከሥሩ የሚለቀው ሌላ ቅመም ደግሞ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። አፈሩ ላይ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ ሽታውም የአገዳ ቆርቁርን፣ አገዳ የሚበሳውን ትል፣ ያባርራል። በማሳው ዙሪያ የሚተከለው የዝሆን ሣር ወይም ብራኪያሪያ የተባለ ሣር ቆርቁሩን ወደ ራሱ ይስባል። ከብት ላለው ሰው መኖው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። እኔ በጣም የማምንበት ዘዴ ነው። ሆኖም ተክሉ ለዓመታት የሚቆይ ስለሆነ ከመከር በኋላ ልቅ ግጦሽ ባለበት አገር አይተርፍም። ማሳችሁን ማጠር ካልቻላችሁ ወይም መንደሩ ከብቱን ካልከለከለ ወጪውን አታውጡ። ለቆላው ደረቅ ጠባይ ደግሞ ድርቅ የሚችለውን ዓይነት ነው መጠየቅ ያለባችሁ።


ከሰሜን ካሮላይና (መስከረም 22)

ውይይቱን በትልቅ ፍላጎት እያነበብኩ ነው። እኔ በምኖርበት አካባቢ ይህ አረም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 እዚህ ካሮላይና ውስጥ በበቆሎ ማሳዎች ላይ ተገኘ። የእናንተው ሐምራዊው ሳይሆን ቀይ አበባ ያለውና አጭሩ ዘመዱ ነው፤ እሱም ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። በሁለቱ ካሮላይናዎች የተበከለው መሬት ተደምሮ ወደ 175 ሺህ ሄክታር ደርሶ ነበር። ዛሬ ከዚያ የቀረው ከአንድ በመቶ በታች ነው።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ጋዙ ነው። ኤቲሊን የሚባል ጋዝ በማሽን አፈር ውስጥ ይነፉበታል፤ ዘሩ ማሽላ ወይም በቆሎ የመጣ መስሎት ነቅቶ ይሞታል። ይህ በወጪው የተነሳ ለእናትሽ ማሳ አይሆንም፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። ሥራውን የሠራው ግን ጋዙ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱን የተበከለ ማሳ መዝግበው ለዓመታት እየተመላለሱ ተከታተሉት። ከተበከለ ማሳ የሚወጣ ትራክተርና ማረሻ ሳይጸዳ ወደ ሌላ ማሳ አይገባም ነበር፤ አፈር የያዘ ምርትም ተቆጣጣሪ ሳያየው ከአካባቢው አይወጣም ነበር። በበቆሎ ማሳ ውስጥ የሚበቅለውን የሣር አረምም አጠፉ፤ አረሙ በቆሎ በሌለበት ዓመት በእሱ ላይ ይቆይ ነበርና።

ከዚህ ውስጥ ማሽን የማይፈልገው ክፍል በቆቦም ሊሠራ ይችላል። ከላይኛው ጥማድ ወደ ታችኛው ሲሻገሩ ሞፈሩንና ማረሻውን፣ የበሬውንም ሰኮና ከጭቃ ማጽዳት። ወይም ቀላሉን ማድረግ፦ ሁልጊዜ ንጹሑን ማሳ አስቀድሞ፣ የተበከለውን በመጨረሻ ማረስ።


የኩታበር ባቄላ (መስከረም 23)

ይቅርታ፣ ከማሽላው ልውጣ። በእኛ በደጋው ባቄላውን የሚጨርሰው አረምም አቀንጭራ ነው ይሉናል። ግን አረንጓዴ ቅጠል የለውም፤ ከመሬት ሲወጣ ነጣ ያለ ዱላ ብቻ ነው፣ አበባው ነጭ ሆኖ ሐምራዊ መስመር አለው። የተባለው ሁሉ ለእኛም ይሠራል?


የሥር ሰው (መስከረም 23)

ያያችሁት ኦሮባንኬ ነው። ከአቀንጭራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ዘሩም በዚያው መንገድ ከሥር በሚወጣ ምልክት ይነቃል። ልዩነቱ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን ሁሉ ከባቄላው መውሰዱ ነው። ስለዚህ የሰብሉ ምርጫ ተገልብጦ ይነበብ። ለአቀንጭራ መድኃኒት የሆኑት ጥራጥሬዎች በእናንተ ዘንድ ቀለቡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ባቄላን በአተርና በምስር አትተኩት። በተበከለው ማሳ ላይ ለጥቂት ዓመታት ስንዴና ገብስ ይሻላል። መንቀሉ፣ ማቃጠሉና መሣሪያ ማጽዳቱ ግን ያው ነው። ኦሮባንኬን ይቋቋማል ተብሎ የተለቀቀ ሐሸንጌ የተባለ የባቄላ ዝርያም አለ፤ ወረዳችሁን ጠይቁ።


ወለተ ራያ (መስከረም 25)

ወንፈሉ ተሠርቷል። ከእናቴ ማሳ ጨርሰው ወደ ላይኛው ጎረቤት ወጡ። እሱም መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ እናቴ የተከፈተውን ፍሬ በእጇ ይዛ ሄዳ ስታሳየው ራሱም አብሮ ነቀለ። ጎርፉ የሚገባው በእርግጥም በእሱ በኩል ነው።

ከአራሹ ጋር በስልክ ተነጋግረናል፤ የአራት ዓመቱን ስምምነት ደስ ብሎት ተቀብሏል። እናቴ ላይኛው ጥማድ ማሾ እንዲሆን እሺ ብላለች፤ የታችኛው ደጋሊት ካልተነካባት ሌላው ግድ የላትም። መሐሉ ላይ የሚቋቋመውን ዘር እንሞክራለን፤ ወፍ ለመጠበቅ አራሹ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በአንድ ጊዜ እንዲዘሩት እየመከረ ነው፣ ወፉ በአንድ ማሳ ላይ ብቻ እንዳያርፍ።

የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። የእናቴ በረት ፍግ የመጣው ከዚሁ አገዳ ከበሉ ከብቶች ነው። ይህን ወደ ላይኛው ማሳ ብናወጣው መልሰን አቀንጭራ መዝራት አይሆንም ወይ? ለዘር የምናስቀምጠውስ ማሽላ ከዘንድሮው ሊወሰድ ይችላል?


የዋግ ልጅ (መስከረም 25)

ትኩሱን ፍግ እንዳለ አታውጡት። በጉድጓድ ወይም በክምር አብላሉት፤ ከገለባና ከአመድ ጋር እየደራረባችሁ፣ እርጥብ እያደረጋችሁ ሸፍኑት። ክምሩ በደንብ ሲሞቅ የአረም ዘር ይሞታል፤ መካከሉ ላይ እንጨት ሰክታችሁ ቆይታችሁ ስታወጡት በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ትኩሳት ሊኖረው ይገባል። ዳርና ዳሩ አይሞቅምና በየጊዜው አገላብጡት፣ የውጪው ወደ ውስጥ እንዲገባ። አሁን ከጀመራችሁ እስከ ግንቦት ይደርሳል። በመስመር ዝሩና ፍጉን በማሳው ሁሉ ከመበተን በመስመሩ ውስጥ አድርጉት፤ ጥቂቱ ፍግ ለማሽላው ሥር ይደርሳል። ዩሪያ የምታገኙ ከሆነ በሽልሻሎ ጊዜ ከአገዳው ጎን ጨምሩ።

ዘሩን ከታችኛው ማሳ ምረጡ፣ እዚያም ቢሆን አቀንጭራ ካልቆመበት ቦታ። አገዳውን ሳታጭዱ ራሱን ብቻ ቁረጡና በቅርጫት ይዛችሁ ውጡ፤ መሬት ላይ አታስቀምጡት። ለዘር የሚሆነውን ከሌላው ጋር በአንድ አውድማ አትውቁት። ቤት ውስጥ በንጹሕ ጆንያ ላይ ለብቻው ፈልፍሉት። የላይኛውን ማሳ ምርት በመጨረሻ ውቁት፤ አውድማውን ስትጠርጉ የሚወጣውን ጥራጊ ወደ ማሳም ወደ ፍግ ክምርም ሳትወስዱ እዚያው አቃጥሉት። ሐምሌ ላይ ማሾው ሲበቅል ፎቶ ላኪልን፤ መሐል ማሳው ላይ የዘራችሁት ምን ያህል አቀንጭራ እንዳወጣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቆጥረሽ ብትጽፊ ለእኛም ይጠቅመናል።